ሕንፃና ወንበር፦ የአፍሪካ አዳራሽ ምስክርነት

የሕንፃ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ዘወትር የሚነገረው ስለ ግድግዳው፣ ስለ ምሰሶውና ስለ ጣሪያው ነው። ሰው ግን በሕንፃ ውስጥ ተቀምጦ ይሠራል፤ ተቀምጦም ይመክራል። የአርክቴክቱን ሐሳብ አስቀድሞ በአካሉ የሚረዳው በወንበሩና በጠረጴዛው ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የተነሡት የዘመናዊ ሕንፃ ጠበብት ይህን ስለ ተገነዘቡ ሕንፃውንና የውስጥ ዕቃውን እንደ አንድ ሥራ ይነድፉ ነበር። ዴንማርካዊው አርነ ያኮብሰን በ1960 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ለተከፈተው ሆቴል ከሕንፃው ሌላ ወንበሩንና መብራቱን፣ የገበታውን ሹካና ማንኪያ ሳይቀር ነድፏል።

በአገራችን የዚህ አስተሳሰብ ጉልህ ምሳሌ የአፍሪካ አዳራሽ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕንፃውን ንድፍ ለኢጣሊያዊው አርክቴክት ለአርቱሮ ሜዜዲሚ ሰጡ። ሥራው በ1951 ዓ.ም. ተጀምሮ ሕንፃው ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ሜዜዲሚ የነደፈው የውጭውን ገጽታ ብቻ አልነበረም፤ የስብሰባውን ወንበርና ጠረጴዛም ለዚሁ ቦታ አስቦ አዘጋጀ። የአፍሪካን ያለፈ፣ የአሁንና የወደፊት ዘመን የሚያሳየው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም 150 ካሬ ሜትር ስፋት ይዞ ከሕንፃው ጋር ተዋሐደ።

ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የ32 ነጻ አገሮች ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱት በዚሁ አዳራሽ ነው። ስለዚህ የዚያ ቀን ምስክሮች ግድግዳዎቹ ብቻ አይደሉም፤ ዕቃዎቹም ናቸው።

ሕንፃው ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ ሰፊ እድሳት አስፈልጎት ነበር። የዘመኑን የደኅንነት፣ የኤሌክትሪክና የድምፅ ቴክኒክ ማሟላት ግድ ሆነ። ሆኖም ነባሮቹን ዕቃዎች አውጥቶ በአዲስ ግዢ ከመተካት ይልቅ፣ ጠግኖ ወደ አገልግሎት መመለስ ተመረጠ። አዳራሹም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ።

ይህ ምርጫ ለሙያው ትልቅ ትምህርት አለው። ሕንፃ በቅርስነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ወንበር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በንብረት መዝገብ ነው። የንብረት መዝገብ ደግሞ የዕቃውን ዕድሜ እንጂ የነዳፊውን ሐሳብ አይጽፍም። በዚህ ምክንያት ለአንድ ሕንፃ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አርጅቷል ተብሎ በሐራጅ ሲወጣ፣ ከንድፉ አንድ ክፍል መጉደሉን ልብ የሚል አይገኝም። እርግጥ አሮጌ ሁሉ ቅርስ አይደለም። ሁለቱን መለየት ግን የንብረት ክፍል ኃላፊነት ብቻ ሊሆን አይገባም። የእድሳት ጥናት የሚያዘጋጅ አርክቴክት ግድግዳውን በሚለካበት ሰዓት ወንበሩንም ለክቶ፣ ሥሎና መዝግቦ ሊያቆይ ይገባዋል። የተመዘገበ ዕቃ ቢሰበር ይጠገናል፤ ሳይመዘገብ የጠፋውን ግን መልሶ የሚያመጣ እድሳት የለም።