የዋግሹም ወንበርና የምክር ቤቱ ወንበር

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ድምፅ ከተሰጠባቸው የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 ወንበሮች 188ቱ ለኢሕአዴግ፣ 106ቱ ለቅንጅት ሆኑ። የምርጫ ቁጥር ደረቅ ነገር ነው። «ወንበር» የሚለውን ቃል ይዘን ወደ ሰቆጣ ብንወጣ ግን ቃሉ ረጅም ታሪክ አለው።

በዋግ ወንበር በድምፅ አይገኝም ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው፣ በ13ኛው መቶ ዓመት የዛጉዌው ወራሽ መንግሥቱን ለይኩኖ አምላክ ዘር ሲለቅ፣ ልጆቹ ዋግሹም ተብለው ዋግን እንዲገዙ፣ በንጉሡም ፊት በብር ወንበር እንዲቀመጡ ቃል ተገባላቸው። ቃሉ ሁልጊዜ አልተጠበቀም፤ ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ አስገደሏቸው። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ግን በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ሦስት ዓመት ያህል ነገሡ። በ1930 ዓ.ም. መባቻ ደግሞ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ጣልያንን ሲወጉ ወደቁ። ራሳቸው ተቆርጦ በሰቆጣና በኮረም ገበያ ለሕዝብ ታየ። ይህን ያደረገው የፋሺስት መንግሥት በገዛ አገሩም ምርጫን አንድ የዕጩዎች ዝርዝር አቅርቦ «አዎን» ወይም «አይደለም» ወደማስባል ያወረደ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ባላገሩ መምረጥ ቻለ፤ ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። የክልልና የወረዳ ምርጫ የመጣው ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ነው። ኋላ ብአዴን የተባለው ኢሕዴን በትጥቅ ትግሉ ዘመን ዋግን ከመሠረቶቹ አንዱ አድርጎ ስለ ነበር፣ እዚህ ለምርጫ የቀረበው እንደ እንግዳ አልነበረም።

እንግዲህ ሒሳቡን እንየው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከክልሉ 17 ሚሊዮን ሕዝብ የዋግ ኽምራ ድርሻ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ዋግ ወዲህ ቢመርጥ ወዲያ፣ የባሕር ዳሩ ድምር ከቦታው አይነቃነቅም። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኽምራ እንደ አዊ ሁሉ የብሔረሰብ አስተዳደርና የራሱን ምክር ቤት ያጸናለት በዚህ ምክንያት ቢሆን አይገርምም። ኽምጣና በሚነገርበት ቤት የሚሰማው ወንበር ይህ ነው፤ ጋዜጦች ግን ስለ 294ቱ እንጂ ስለዚህ ብዙም ሲጽፉ አላየሁም።

በ2002 እና በ2007 ዓ.ም. 294ቱም ወንበሮች የብአዴን ሆኑ፤ ስለ እነዚያ ውጤቶች ብዙ የሚባል የለም። በ2013 ዓ.ም. ምርጫው እንደገና ሰኔ 14 ቀን ዋለ፤ ከ1984ቱ ጋር ቀኑ የገጠመው በአጋጣሚ ነው። በዚያው ክረምት ጦርነቱ ዋግ ገባ። በሰኔ የምርጫ ካርድ የያዘው ገበሬ፣ እህሉ ገና ሳይደርስ፣ ልጆቹን ይዞ ተሰደደ።