መሰኪያው በተቀየረ ቁጥር፦ የፓልም ፓይለት አነሳስና አወዳደቅ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 2024 የአውሮፓ ኅብረት፣ በገበያው የሚሸጥ አዲስ ስልክና ታብሌት ሁሉ በአንድ ዓይነት መሰኪያ፣ በዩኤስቢ ሲ፣ ቻርጅ እንዲደረግ የሚያስገድደውን ሕግ ሥራ ላይ አዋለ። ብዙ ሰው ዜናውን እንደ ተራ የቻርጀር ወሬ ሰምቶ አለፈው። ነገር ግን በአንድ ወቅት ከጄኔራል ሞተርስ የበለጠ ዋጋ የተሰጠው አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የደንበኞቹን አመኔታ ያጣው በከፊል በዚሁ ተራ ነገር ነው። ኩባንያው ፓልም ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወጣት አንባቢ ስሙን ላያውቀው ይችላል። ፓልም ፓይለት ስልክ አልነበረም። አይደውልም፣ ፎቶ አያነሳም፣ ኢንተርኔት የለውም። በሸሚዝ ኪስ የሚገባ ዲጂታል አጀንዳ ነው፤ ቀጠሮ፣ የስልክ ቁጥር፣ የሚሠሩ ሥራዎች ዝርዝርና ማስታወሻ የሚያዝበት። ሰዎች ዕቃውን የገዙት ግን ለእነዚህ ለአራቱ ብቻ ብለው አይደለም። ከገዙት በኋላ ምን እንደሚጨምሩበት የሚመርጡት ራሳቸው ስለነበሩ ነው። የፓልም ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቀረው ይህ ክፍል ነው።

ሐሳቡ የፓልም ብቻ አልነበረም። አፕል በ1993 ኒውተን የተባለውን የእጅ ኮምፒውተር በ699 ዶላር ገበያ ላይ አወጣ። ኒውተን የሰውን የእጅ ጽሑፍ አነባለሁ ብሎ የተነሳ ነበር፤ በስህተት እያነበበ የጋዜጣ ካርቱኖችና የቴሌቪዥን ቀልደኞች መሳቂያ ሆነ። ከዚህ ያልተናነሰ ሌላ ጉድለትም ነበረበት። ከቢሮ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ገመድና ፕሮግራም ለብቻው ይሸጥ ነበር። 700 ዶላር የከፈለ ሰው የስልክ ቁጥሮቹን ከኮምፒውተሩ ወደ ኪሱ ለማዛወር እንደገና ገንዘብ ማውጣት ነበረበት።

በ1992 ፓልምን የመሠረተው ጄፍ ሆኪንስም በመጀመሪያ ወድቋል። ኩባንያው ሶፍትዌሩን የሠራለት፣ ዙመር የተባለው የካሲዮ መሣሪያ በዚያው በ1993 ወጥቶ ቀርፋፋና ግዙፍ ሆነ፤ አልተሸጠም። ፓልሞች ከዚህ ውድቀት በኋላ ያደረጉት ነገር ብልህነት ነበረው። ዙመርን የገዙትን ጥቂት ሰዎች ምን እንደሚሠሩበት ጠየቁ። መልሱ፣ መሣሪያው ለገዢዎቹ የኮምፒውተር ምትክ ሳይሆን የወረቀት አጀንዳ ምትክ ነው የሚል ነበር። ሆኪንስ የሸሚዙን ኪስ ለክቶ በልኩ እንጨት ቆረጠ። እንጨቷን ኪሱ ከቶ ይዞ ይዞር ጀመር፤ ሰው ቀጠሮ ሲጠይቀው አውጥቶ በተላገ የቻይና መብያ ዘንግ የሚጽፍ መስሎ ይነካካታል። በየቀኑ ምን እንደሚያስፈልገውና ምን እንደማያስፈልገው የለየው በዚህ መንገድ ነው። (ያቺ እንጨት ዛሬ ካሊፎርኒያ በሚገኘው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ አለች።)

የመጀመሪያዎቹ ፓይለቶች በ1996 ወጡ። ዋጋቸው 299 እና 369 ዶላር ነበር። የርካሹ ማኅደረ ትውስታ 128 ኪሎባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሳ አንድ ፎቶ አይይዝም። በሁለት ቀጫጭን የባትሪ ድንጋይ ለሳምንታት ይሠራል። ወሳኙ ነገር ግን ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የመጣው ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ አንዲት መቆሚያ፣ መቆሚያዋም ላይ አንዲት ቁልፍ። ቁልፏን አንዴ ሲጫኑ ኪስ ውስጥ ያለውና ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ይመሳሰላሉ። ኒውተን ለብቻው ያስከፈለበትን ነገር ፓልም ዋናው ዕቃ ውስጥ አካተተው።

የእጅ ጽሑፉንም ነገር በሌላ በኩል ዞሮ ፈታው። ማሽኑ የሰውን ጽሕፈት እንዲማር ከማድረግ ይልቅ ሰውየው ትንሽ እንዲማር አደረገ። ግራፊቲ በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ የላቲን ፊደል ብዕሩ ሳይነሳ በአንድ ጭረት ይጻፋል፤ ‹ኤ› መሃሏ ላይ ያለው ጋድም መስመር ይቀርላታል። 26 ፊደል ላለው ሰው የአንድ ከሰዓት ትምህርት ነው። 33ቱን ፊደል በሰባት ቤት አባዝቶ 231 ምልክት ለሚቆጥር ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የፓልም የምዕራባውያን ሥሪት ከ256 የማይበልጡ ምልክቶችን ብቻ ይይዝ ነበር፤ ግዕዝ ራሱ በዩኒኮድ ቦታ ያገኘው በ1999 ነው። ፓልም ከፋብሪካው አማርኛ ይዞ አልወጣም።

ገዢው ዕቃውን ቤቱ ይዞ ከገባ በኋላ ሁለተኛው ገበያ ይጀምራል። በመጀመሪያ የሚያሳስበው ስክሪኑ ነው። ጽሕፈቱ ሁሉ በአንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ስለሚፈጸም ያቺ ቦታ ቶሎ ትጫጫራለች። የስክሪን ፕሮቴክተር የሚሸጡ ነበሩ፤ ነገር ግን ብዙ ባለቤቶች ተራ ስኮች ቴፕ ቆርጠው ይለጥፉባት ነበር፤ ብዕሩም ወረቀት ላይ እንደሚጽፍ ያዝ ያዝ ስለሚያደርገው እንዲያውም ይመርጡት ነበር። ቀጥሎ ከቨር አለ፤ ከቆዳ እስከ ታይታኒየም። ብዕሩ ቶሎ ይጠፋል፤ ስለዚህ በአንድ በኩል ቀለም፣ በሌላው በኩል የፕላስቲክ ጫፍ ያላቸው እስክሪብቶዎች ወጡ።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ምርጫ ግን የባክአፕ ነበር። በእነዚያ ሞዴሎች የተጻፈው ነገር ሁሉ የሚኖረው ባትሪው እስካለ ድረስ ነው። ድንጋዩ ጨርሶ ካለቀ ቀጠሮውም፣ ስልክ ቁጥሩም፣ ማስታወሻውም ይጠፋል። መቆሚያዋ ላይ ያለችው ቁልፍ ዋናዎቹን መዝገቦች ታተርፋለች፤ ከሌላ ቦታ የተጫኑትን ፕሮግራሞች በሙሉ ለማዳን ግን ባክአፕ በዲ የመሰለ ለብቻው የሚሸጥ ፕሮግራም ያሻ ነበር። ከቆዳ ከቨር በፊት ይህን የገዛ ሰው ብልህ ነው።

አክሰሰሪ ምን ያህል ዕቃውን እንደሚለውጥ ያሳየው ቲንክ አውትሳይድ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኪቦርድ ነው። አራት ቦታ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ከፓልሙ ብዙም አይበልጥም፣ ሲዘረጋ የሙሉ ኮምፒውተር ኪቦርድ ያህላል። ዋጋው 99 ዶላር ነበር። ከእሱ በኋላ በፓልም ላይ ረጅም ጽሑፍ መጻፍ ተቻለ።

ሶፍትዌሩ ደግሞ ከዕቃው ይበልጥ የሰፋ ነበር። ፓልም ፕሮግራም ለሚጽፉ ሰዎች በሩን ከፈተ፤ ነፃ መሥሪያ ነበር፣ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ አልነበረም። አንድ ተማሪ ማደሪያው ሆኖ የጻፈውን ፕሮግራም ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ፣ መቆሚያዋ ላይ አስቀምጦ ይጭነዋል። ከ1998ቱ ፓልም ሦስት ጀምሮ ደግሞ ሁለት ሰዎች መሣሪያዎቻቸውን ፊት ለፊት አድርገው በኢንፍራሬድ የስም ካርድም ሆነ ፕሮግራም ይለዋወጡ ነበር።

የአሜሪካ ሐኪሞች በነጭ ጋውናቸው ኪስ የሚሸከሙትን ወፍራም የመድኃኒት መጽሐፍ ኢፖክራተስ በተባለ ነፃ ፕሮግራም ተኩት። ለብዙ ሐኪሞች ፓልም መግዛት ማለት ኢፖክራተስን ለመጫን መግዛት ማለት ነበር። አቫንትጎ የጋዜጣ ገጾችን ከኮምፒውተር ይቀዳና ባቡር ውስጥ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። ዴትቡክ የተባለው የቀጠሮ ፕሮግራም ከፓልም ከራሱ አጀንዳ እጅግ የተሻለ ነበር፤ ጸሐፊው ከሽያጩ የሚያገኘውን ትርፍ ለጎሪላዎች ጥበቃ ያውለው ነበር። ቀጠሮ መያዣ ገዝቶ ጎሪላ መርዳት! እንዲህ ዓይነት ነገር የሚፈጠረው አስፈቃጅ በሌለበት ገበያ ነው።

ይህን ነገር ከሁሉም ይበልጥ የተረዱት መሥራቾቹ ራሳቸው ነበሩ። ፓልም ለዩኤስ ሮቦቲክስ፣ ከዚያ በ1997 ለትሪኮም ካለፈ በኋላ፣ ሆኪንስ፣ ዶና ዱቢንስኪና ኤድ ኮሊጋን በ1998 ወጥተው ሃንድስፕሪንግን አቋቋሙ። በ1999 ያወጡት ቫይዘር ጀርባው ላይ ስፕሪንግቦርድ የተባለ ሰፊ ማስገቢያ ነበረው። ካሜራ ሲሰኩበት ካሜራ ይሆናል፤ የሙዚቃ ማጫወቻ፣ ጂፒኤስ፣ ሞደም፣ ኋላም ስልክ። የሚሰካው ዕቃ ሶፍትዌሩን ይዞ ስለሚመጣ መጫን የሚባል ጣጣ የለም። የዛሬ ስልክ በአንድ አካሉ የያዘውን ሁሉ ቫይዘር በየተራ ይለብሰው ነበር ማለት ይቻላል።

ማርች 2 ቀን 2000 ትሪኮም የፓልምን ጥቂት አክሲዮን ለሕዝብ ሸጠ። በ38 ዶላር የቀረበው አክሲዮን በዚያው ቀን እስከ 165 ዶላር ወጥቶ 95 ላይ ዘጋ። የኩባንያው ዋጋ ከ50 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። የበለጠው አስገራሚ ግን፣ የፓልምን 90 ከመቶ በላይ የያዘው ትሪኮም በገበያው የተተመነው ከያዘው የፓልም ድርሻ ባነሰ ዋጋ መሆኑ ነው፤ የምጣኔ ሀብት ምሁራን ይህን እስከ ዛሬ የገበያ እብደት ምሳሌ አድርገው ያስተምሩታል።

በዚያን ሰዓት ግን ውስጥ ለውስጥ መሰኪያው መለወጥ ጀምሯል። የ1999ኙ ፓልም አምስት በጣም ያማረ፣ አሉሚኒየም የለበሰ፣ በቻርጀር የሚሠራ ዕቃ ነበር፤ ግርጌው ላይ ያለው መሰኪያ ግን ከፓልም ሦስት ጋር አይገጥምም። መቆሚያውም፣ ሞደሙም፣ ያ የ99 ዶላር ኪቦርድም ለሦስት የተገዛው ለአምስት አይሆንም። በ2001 ኤም 500 ‹ዩኒቨርሳል› የሚል ስም ያለው መሰኪያ ይዞ መጣ፤ ሦስተኛ ዓይነት መሆኑ ነው። በ2004 ቲ 5 አራተኛውን ይዞ ወጣ፤ በመሃል ርካሾቹ ሞዴሎች በሚኒ ዩኤስቢ ወጥተዋል። የኖኪያን ወፍራምና ቀጭን ቻርጀር የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ የመሐንዲስ ምክንያት ነበረው፤ ዕቃው ቀጠነ፣ ዩኤስቢ መጣ። ነገር ግን 300 ዶላር ለፓልም፣ ሌላ 200 ለአክሰሰሪ ያወጣን ሰው በፓልም የሚያቆየው ያ ሁለተኛው 200 ዶላር ነው። እሱ ከተጣለ ቀጣዩን ዕቃ ከማንም ቢገዛ ለውጥ የለውም። ፓልም የራሱን ገመድ በራሱ መቀስ ቆረጠው።

ሃንድስፕሪንግም ከዚህ አልዳነም። በ2002 ትሪዮ የተባለውን ስልክ ሲያወጣ ስፕሪንግቦርድን ተወው። ኪስ የሚበቃ ስልክ ለመሥራት ሰፊውን ማስገቢያ መተው ግድ ነበር፤ ነገር ግን ለዚያ ማስገቢያ ዕቃ የሠሩ ትናንሽ ኩባንያዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ሌሎችም ስህተቶች ተደራረቡ። ፓልም ኤም 500ን ሳይደርስ አስቀድሞ ስላስተዋወቀ ሰው የቆየውን መግዛት አቆመ፤ መጋዘኑ ሞላ፤ 300 ሚሊዮን ዶላር ያህል ኪሳራ ተመዘገበ። በ2002 አክሲዮኑ ስለረከሰ ሃያውን አንድ አድርጎ አጠፈው። ከዜሮክስ ጋር በግራፊቲ ምክንያት በተነሳ የፓተንት ክስ የተነሳ በ2003 አጻጻፉን ለወጠ፤ አንዳንድ ፊደላት አሁን ሁለት ጭረት ጠየቁ። ለዓመታት እጃቸው የለመደውን ያጡ ባለቤቶች ምን አደረጉ? የቀድሞውን ግራፊቲ ፋይሎች ከአሮጌ ፓልሞቻቸው ቀድተው አዲሱ ላይ ጫኑ። ይህን ለማድረግ የቻሉት ዕቃው ውስጥ ምን እንደሚጫን የሚወስነው አሁንም ባለቤቱ ስለነበረ ነው።

በዚያው ዘመን አፕል ተቃራኒውን አደረገ። በ2003 ለአይፖድ ያወጣውን ባለ 30 ፒን መሰኪያ እስከ 2012 አልነካውም። ለዘጠኝ ዓመት የሆቴል ሰዓት፣ የመኪና ቴፕ፣ የስፒከር ሠሪ ሁሉ እሱን ተማምኖ ሠራ። በሶፍትዌር በኩል ግን የፓልምን መንገድ አልተከተለም። በ2008 የተከፈተው አፕ ስቶር ምን እንደሚጫን የሚወስነው አፕል ነው፤ ከሽያጩም 30 ከመቶ ይወስድ ነበር። ፓልም መሰኪያውን እየለወጠ ሶፍትዌሩን ክፍት አደረገ፤ አፕል መሰኪያውን አጽንቶ ሶፍትዌሩን ዘጋ። አሸናፊው ማን እንደሆነ ይታወቃል። ገዢው ከሁለቱ የትኛውን እንዳጣ ግን እምብዛም አልተጠየቀም፤ ብራስልስ ዛሬ ስለ ቻርጀርም ስለ አፕ ስቶርም የምትከራከረው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ፓልም በ2003 ሃንድስፕሪንግን ገዝቶ መሥራቾቹን መልሶ አገኘ። ትሪዮ ለጥቂት ዓመታት ተሸጠ። በ2009 ፕሪ የተባለው ስልክ ዌብኦኤስ የተሰኘ አዲስ ሥርዓት ይዞ ወጣ፤ የቀድሞዎቹ ሺህ በሺህ ፕሮግራሞች እንዳሉ አይሠሩበትም ነበር። ኤች ፒ በ2010 ኩባንያውን በ1.2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በኦገስት 2011፣ በዚሁ ሥርዓት የሚሠራውን ታብሌት ገበያ ላይ ካዋለ ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ምርቱን ማቆሙን አስታወቀ።