የመወርወሪያው ባለቤት፦ የጆን ኬይ ሕይወትና የሐዋሳ ሸማ

ሐዋሳ ፒያሳ ውስጥ ለሽያጭ የተሰቀለ ነጠላ ሲዘረጋ መሐል ለመሐል ስፌት ይታያል፤ ሁለት ሸማ ጎን ለጎን ተጋጥሞ የተሰፋበት ነው። የስፌቱ ምክንያት የሸማኔው ክንድ ነው። ከጨንቻ ደጋ የወረደው የዶርዜ ሸማኔ በመሸመኛው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ድሩን በእግሩ እየከፈተ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ይልካል፣ በሌላው ይቀልባል። እጁ ከሚደርስበት የሰፋ ጨርቅ ብቻውን ሊሠራ አይችልም።

የእንግሊዝ ሸማኔም እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ በዚሁ ልክ ታስሮ ነበር። ሰፊ የሱፍ ጨርቅ የሚፈልግ ሁለት ሸማኔ ያስቀምጣል፤ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው ይቀልባል። ይህን የለወጠው በ1704 እ.ኤ.አ. በላንካሸር፣ ቤሪ ከተማ አጠገብ የተወለደው ጆን ኬይ ነው። ኬይ ሥራውን የጀመረው በመሸመኛ ዕቃ ነበር፤ ድሩን የሚለየውንና ማጉን የሚያጠብቀውን የመቃ ማበጠሪያ በሽቦ ተካው። በ1733 የባለቤትነት መብት ያገኘበት መወርወሪያ ደግሞ መንኮራኩር ተገጥሞለት በሐዲድ ላይ ይሮጣል፤ በሁለቱ ዳር ካሉ ሣጥኖች ጋር የተያያዘውን ገመድ ሸማኔው በአንድ እጁ ሲስበው ከዳር እስከ ዳር ይበራል። የጨርቁ ስፋት ከክንድ ልክ ተላቀቀ፤ የሁለት ሰው ሥራም ለአንድ ሰው ሆነ።

ማንቸስተር ከተማ አዳራሽ ውስጥ ፎርድ ማዶክስ ብራውን የሳለው ሥዕል ኬይ በ1753 ከተቆጣ ሕዝብ ሲሸሽ ያሳያል። ሥዕሉ በብዙዎች አእምሮ የተቀረጸውን ታሪክ ይዟል፦ ፈጣሪውን ያሳደደው እንጀራዬ ተነካ ያለ ሸማኔ ነው። ሸማኔዎቹ መቃወማቸው እውነት ነው። ኬይ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ በ1747 ወደ ፈረንሳይ ተሻግሯል። ለስደት የዳረገውም በዋነኛነት ሌላ ወገን ይመስለኛል። የጨርቅ ነጋዴዎች መሣሪያውን እየተጠቀሙ ክፍያውን ከለከሉት፤ ሲከሳቸውም የፍርድ ቤት ወጪውን ለመጋራት ማኅበር አቋቁመው ተሟገቱት። ክርክሩ ሀብቱን ጨረሰው። የፈረንሳይ መንግሥት አበል ቢቆርጥለትም በ1779 ገደማ በዚያው በስደት አረፈ። ተጠያቂነቱን በሸማኔው ላይ ብቻ የሚጥል ትረካ በትርፉ የከበረውን ከደሙ ንጹሕ ያደርገዋል።

ይህን ማንሳቴ እኛም ዘንድ አዲስ መሸመኛ ያልተቀበለ ሸማኔ በቀላሉ ወግ አጥባቂ ስለሚባል ነው። የመሣሪያው ዋጋ በማን ዕዳ ነው? የጨመረው ጨርቅ ትርፍስ ለማን ይገባል? ይህን የሚጠይቅ ሸማኔ ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። የትርፍና የውሳኔ ጥያቄ ከፋብሪካም አይቀርም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአብዛኛው የሚሰፋው ለውጭ ገበያ ነው፤ አሜሪካ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ከአጎዋ፣ ስታግድ ሥራቸው አደጋ ላይ የወደቀባቸው ሠራተኞች በውሳኔው ምንም ድምፅ አልነበራቸውም።

ከኬይ ታሪክ ብዙም የማይወሳ ሌላ ጉዳይ አለ። ሽመናው ሲፈጥን ፈትሉ አልደረሰበትም፤ ክር ጠፋ። የሃርግሪቭስ ባለብዙ እንዝርት መፍተያ በ1760ዎቹ፣ የአርክራይት የውኃ ኃይል መፍተያም በ1769 የተከተሉት በዚህ ጫና ውስጥ ነው። እኛ ዘንድ ዛሬ ድሩ ባብዛኛው የፋብሪካ ክር ሲሆን፣ ለጥሩ ሸማ የሚመረጠው ማግ ግን አሁንም በሴቶች እጅ በእንዝርት ይፈተላል። ስለዚህ ሰፊና ፈጣን መሸመኛ ለሸማኔ ለማዳረስ የሚወጣ ዕቅድ ከመሸመኛው በፊት ፈታዮቹን መቁጠር አለበት፦ በቀን ስንት ልቃቂት ያወጣሉ፣ በስንት ይሸጣሉ፣ ፍላጎቱ ሲጨምር ዋጋው ለእነሱ ይደርሳል ወይስ መሐል ላይ በነጋዴ እጅ ይቀራል?