የደም ግፊት መለኪያ ከነማዳመጫው
ጨርቅ፣ ጎማ፣ ብረት፣ መስታወት

ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ጨርቅ ውስጡ የጎማ ከረጢት አለው። ባለሙያው የጎማ ኳሷን እየጨመቀ በአየር ሲሞላው የክንዱ ደም ሥር ይታፈናል፤ ማዳመጫው ጸጥ ይላል። ከዚያ አየሩን ቀስ እያለ ይለቀዋል። ደሙ በጠበበው ደም ሥር ሾልኮ ማለፍ ሲጀምር «ጧ፣ ጧ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያን ጊዜ ጠቋሚው ያረፈበት ቁጥር የላይኛው ግፊት ነው። ድምፁ ሲጠፋ የሚነበበው ደግሞ የታችኛው። ይህን ዘዴ በ1905 (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮፍ ነው። ሰውነት ሳይወጋ፣ ደም ሳይፈስ የደምን ግፊት በጆሮ ማወቅ! ከሕክምና ብልሃቶች ሁሉ ይህን የሚያህል ቀላልና ድንቅ ነገር ጥቂት ነው።

የልብን ክፍሎችና የደሙን ጉዞ በምስል የሚያሳየው የኤኮ መሣሪያ የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። የደም ግፊት መለኪያው ግን በቦርሳ ተይዞ፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ፣ አርጎባውና አማራው በሚገናኙበት በሰንበቴ የእሑድ ገበያ መዋል ይችላል።

ከፍተኛ ግፊት፣ ማለትም 140/90 እና ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ይከርማል። ገበያ ሲወጡ እግረ መንገድዎን ጤና ጣቢያ ጎራ ይበሉና ይለኩ።