ፔሪኦፐራቲቭ ኬሞቴራፒ፦ የቀዶ ዙሪያ ኬሞ

የጨጓራ ካንሰር የተገኘበት ሰው ቤተሰብ «ሳይሰራጭ ቶሎ ይውጣለት» ይላል። ሐኪሙ ደግሞ «መጀመሪያ ኬሞ» ሲል ነገሩ ማጓተት ይመስላቸዋል። ይህ አካሄድ ፔሪኦፐራቲቭ ኬሞቴራፒ ይባላል። «ፔሪ» በግሪክኛ «ዙሪያ» ነውና የቀዶ ዙሪያ ኬሞ ልንለው እንችላለን። የመድኃኒቱ ከፊል ዙር ከቀዶ ሕክምናው በፊት፣ ቀሪው በኋላ ይሰጣል። የሚታዘዘውም ዕጢው የጨጓራውን ግድግዳ ዘልቆ ወይም በአቅራቢያው ያሉ ንፍፊቶችን ነክቶ፣ ነገር ግን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ላልሄደበት ታማሚ ነው። ገና ከውስጠኛው ሽፋን ያላለፈ ዕጢ ኬሞ ሳያስፈልገው ሊወጣ ይችላል።

በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመው «ማጂክ» የተባለ የብሪታንያ ጥናት 503 ታማሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት በቀዶ ብቻ ከታከሙት 23 በመቶ፣ ኬሞ ከተጨመረላቸው 36 በመቶ ናቸው። በ2019 ጀርመኖች «ፍሎት» የተባለውን የተሻለ ቅንብር አሳዩ፦ ከቀዶ በፊት አራት ዙር፣ በኋላም አራት።

ለምን ሁሉንም በኋላ አይሰጡትም? መልሱ ያለው ቀዶው በሚያስከትለው ጣጣ ውስጥ ነው። ጨጓራው ሙሉ በሙሉ ሲወጣ የምግብ ቧንቧው ከትንሹ አንጀት ጋር ይሰፋል። ያ መጋጠሚያ ካልያዘ የአንጀቱ ፈሳሽ ወደ ደረት ወይም ወደ ሆድ ዕቃ ያፈስሳል፤ መግል ይቋጥራል፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ተዘግቶ የተሰፋው የዱዎዲነም (የትንሹ አንጀት መጀመሪያ) ጫፍም እንዲሁ ሊያፈስስ ይችላል። ያን ጊዜ ፈሳሹ በቱቦ ይወጣል፣ አንቲባዮቲክ ይሰጣል፣ ምግብ ከስፌቱ በታች በቱቦ ይገባል፤ አንዳንዴም ሆዱ ዳግመኛ ይከፈታል። እንዲህ የከረመና ሰውነቱ የመነመነ ሰው ኬሞ አይችልም። ጣጣ ያልደረሰበትም ቢሆን ቶሎ አያገግምም። በማጂክ ጥናት ሁሉንም ዙር የጨረሱት ከአሥሩ አራት ያህሉ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከቀዶ በፊት የተወሰደው ኬሞ በእጅ የገባ ገንዘብ ነው።

«ኬሞው አድክሞት ቀዶውን ባይችልስ?» የሚለው ስጋት ተገቢ ነው። ግን በዚያው ጥናት ከቀዶ በኋላ ጣጣ የደረሰባቸው ኬሞ ከወሰዱት 46 በመቶ፣ ካልወሰዱት 45 በመቶ ናቸው። ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ሕክምናው ግን ሳይቋረጥ መያያዝ አለበት፤ ከባዱም ይህ ነው። ሱዳንን እንውሰድ፦ በመዲናዋ በካርቱም ደቡብ የሚገኘው ሶባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። በ1967 ለካንሰር ሕክምና የተከፈተው የጨረርና አይሶቶፕ ማዕከል ግን ያለው መሀል ከተማው ውስጥ ነው። ከመዲናዋ ውጭ ደግሞ ዋድ መዳኒ የካንሰር ተቋም ነበራት። በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በአገሪቱ ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ሲፈነዳ የካርቱሙ ማዕከል አገልግሎቱን አቋረጠ፤ በዲሴምበር ዋድ መዳኒም በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ ወደቀች። በየሁለት ሳምንቱ የሚወሰድ የፍሎት ዙር እንዲህ ያለውን መቋረጥ አይችልም።

ዘመዳችሁ ከጨጓራ ቀዶ በኋላ ትኩሳት፣ የልብ ምት መፍጠን ወይም አዲስ የሆድ ሕመም ካሳየ «ቁስሉ ነው» ብላችሁ አታሳድሩት፤ በዚያው ቀን ቀዶ ሐኪሙ ይየው።