ከመሪው ፊት ያለ ስክሪን፦ የአሽከርካሪ ትኩረት አጭር ታሪክ

ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ



የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ላሳስብ።

ከዓመታት በፊት በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ ስመጣ የደረሰብኝን፣ በትክክል ለመናገር ያልደረሰብኝን፣ ላጫውታችሁ። የተቀመጥሁት ከሾፌሩ ኋላ ባለው የመጀመሪያው መደዳ ነበር። ከፊት በኩል ከጣሪያው ሥር ወደ ተሳፋሪው የዞረ ስክሪን ተሰቅሎ አስቂኝ ድራማ ይታይበታል። የዓባይን በረሃ ቁልቁለት በጀመርንበት ሰዓት አውቶቡሱ በሙሉ በአንድ ጊዜ በሳቅ ፈነዳ። ሾፌሩ «ምን አለ? ምን አለ?» ብሎ ረዳቱን ጠየቀና መልሱን ሳይጠብቅ ፊቱን መልሶ ወደ ስክሪኑ ቀና አለ። ምናልባት ሁለት ሰከንድ፣ ምናልባት ሦስት ቢሆን ነው። ከዚያም እየሳቀ ወደ መንገዱ ተመለሰ። በሰላም ገባን። ከተሳፋሪው መካከል ነገሩን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴ ዝም አልሁ።

የዛሬው ንግግሬ የተነሣው ከዚያ ዝምታ ነው። በመንገድ ላይ የሚደረግ ቸልተኝነት አብዛኛውን ጊዜ አይቀጣም። ዓይኑን ከመንገዱ ያነሣ አሽከርካሪ ከሺህ ጊዜ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኙን በሰላም ሲገባ፣ ልምዱ የሚያስተምረው የተሳሳተውን ትምህርት ነው። ስለዚህ አደጋውን ከልምድ ብቻ ልናውቀው አንችልም፤ ታሪክና ምርምር ያስፈልጉናል። የማነሣው ጥያቄም ይህ ነው፦ ላለፉት ዘጠና ያህል ዓመታት ሕግና ኅብረተሰብ የአሽከርካሪውን ትኩረት ለመጠበቅ ሲሞክሩ፣ የጠበቁት ምንን ነው? ኃላፊነቱንስ በማን ላይ ጣሉት?

ነገሩ የሚጀምረው ከስክሪን ሳይሆን ከሬዲዮ ነው። በአሜሪካ የጋልቪን ወንድማማቾች ኩባንያ «ሞቶሮላ» የተባለውን የመኪና ሬዲዮ ለገበያ ያቀረበው በ1930 ነበር። በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛትና በሴንት ሉዊስ ከተማ እያሽከረከሩ ሬዲዮ መስማትን የሚከለክሉ የሕግ ሐሳቦች ቀረቡ። ተቃዋሚዎቹ ሬዲዮ ሐሳብን ይሰርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ጣቢያ ለመቀየር እጅንና ዓይንን ከሥራቸው ያስለቅቃል አሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ሬዲዮ ከተሳፋሪ ወሬ አይብስም፣ እንዲያውም በረጅም መንገድ ላይ ያነቃል ሲሉ መለሱ። ያሸነፉት ደጋፊዎቹ ናቸው። ከክርክሩ የተረፈው ግን አንድ ያልተጻፈ ስምምነት ነበር፦ ጆሮ ነፃ ነው፣ ዓይን ግን የመንገዱ ነው።

ይህ ስምምነት የተፈተነው ቴሌቪዥን ሲመጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቴሌቪዥን ወደ አሜሪካ ቤቶች ሲገባ፣ በርካታ ክፍላተ ግዛቶች አሽከርካሪው ሊያየው በሚችልበት ቦታ ቴሌቪዥን መግጠምን ከለከሉ። በዚያን ዘመን ክልከላው ቀላል ነበር። ቴሌቪዥን መዝናኛ እንጂ ሌላ ጥቅም አልነበረውምና፣ መዝናኛን ከመሪው ፊት ማራቅ ማንንም አላስከፋም።

የብሪታንያ የ1986 የተሽከርካሪ አሠራርና አጠቃቀም ደንብ 109ኛው አንቀጽ የዚህ አስተሳሰብ ጥሩ ምሳሌ ነው። ደንቡ አሽከርካሪው በቀጥታም ሆነ በነጸብራቅ ሊያየው በሚችልበት ቦታ የተቀመጠን የምስል ማሳያ ይከለክላል። ሁለት ነገሮችን ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ የሚጠየቀው የነዳው ብቻ ሳይሆን ያስነዳውና እንዲነዳ የፈቀደውም ጭምር ነው። ሁለተኛ፣ ደንቡ በር ትቷል፤ ስለ ተሽከርካሪው ሁኔታ፣ ስላለበት ቦታና ወደሚሄድበት ስለሚያደርሰው መንገድ መረጃ የሚሰጥ ማሳያ ይፈቀዳል። መዝናኛ ውጭ፣ መረጃ ውስጥ እንደ ማለት ነው።

ስክሪኑ ወደ መኪናው የገባው በዚሁ በር ነው። በ1985 «ኢታክ ናቪጌተር» የተባለ መሣሪያ በአሜሪካ ለሽያጭ ቀረበ። ሳተላይት አይጠቀምም፤ በመንኮራኩሮቹ ላይ በተገጠሙ መቁጠሪያዎችና በኮምፓስ እየታገዘ፣ በካሴት ላይ የተቀዳ ካርታ በአነስተኛ አረንጓዴ ስክሪን ያሳይ ነበር። በቀጣዩ ዓመት የቢዊክ ኩባንያ «ሪቪዬራ» በተባለው የ1986 ሞዴሉ በጣት የሚነካ ስክሪን ገጠመ፤ የሬዲዮውም፣ የአየር ማቀዝቀዣውም፣ የጌጆቹም ሥራ በአንድ መስታወት ላይ ተሰበሰበ። ብዙ ደንበኞች ግን አልወደዱትም፤ ቀድሞ በዳበሳ የሚያገኙትን ቁልፍ አሁን ዓይናቸውን ከመንገድ አንሥተው ሊፈልጉት ግድ ሆነባቸው። በ1990 ሞዴል ኩባንያው ወደ ተለመደው ቁልፍ ተመለሰ። ዛሬ አዲስ የመሰለን ቅሬታ እንግዲህ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው።

ሳይንሱ በዚህ ጊዜ ምን ይል ነበር? በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆን ሴንደርስ በቦስተን አካባቢ አውራ ጎዳና ላይ ራሱን የፈተነበት ሙከራ ዝነኛ ነው። በየተወሰነ ጊዜው እየወረደ ዓይኑን የሚጋርድ የራስ ቁር አድርጎ መኪና ነዳ። ጥያቄው ሰው መንገዱን ሳያይ ምን ያህል ጊዜ መንዳት ይችላል የሚል ነበር። ያገኘው መልስ ፍጥነቱ በጨመረና መንገዱ በተወሳሰበ መጠን ያ ጊዜ ያጥራል የሚል ነው። ዓይናችንን ካነሣንበት ቅጽበት ጀምሮ ስለ መንገዱ ያለን ዕውቀት እያረጀ ይሄዳል ማለት ነው።

በ1969 ደግሞ በብሪታንያ አይቫን ብራውንና ባልደረቦቹ ሰዎች እየነዱ በስልክ ሲነጋገሩ ምን እንደሚሆኑ ፈተሹ። አሽከርካሪዎቹ መሪውን በመቆጣጠር ረገድ ብዙም አልተጎዱም። የተጎዳው ፍርዳቸው ነው፤ መኪናቸው የማታልፍበትን ጠባብ ክፍተት «ታልፋለች» ብለው መገመት አበዙ። ስልኩ የነካው እጅን ሳይሆን አእምሮን ነበር። በ1997 ሬደልማየርና ቲብሺራኒ በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት፣ 699 አሽከርካሪዎችን በመረመረ ጥናት ስልክ በሚነገርበት ጊዜ የግጭት ዕድል በአራት እጥፍ ያህል እንደሚጨምር አሳዩ፤ በእጅ ሳይያዝ የሚነገርበት ስልክም የተሻለ ደኅንነት አላስገኘም። ቀጥሎም በዩታ ዩኒቨርሲቲ ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረቦቹ በስልክ የሚነጋገር አሽከርካሪ ዓይኑ ያረፈበትን ነገር ሳይቀር ሳያስተውለው እንደሚያልፍ አረጋገጡ። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉትን ቤተ ሙከራው በራሱ መንገድ ደረሰበት።

ሕጉ ግን ልብን መመርመር አይችልምና እጅን መረጠ። ኒው ዮርክ በ2001፣ ብሪታንያ በታኅሣሥ 2003 በእጅ የተያዘ ስልክን ከለከሉ። እጅን መከልከል ለትራፊክ ፖሊስ ይመቻል፤ ከመንገድ ዳር ይታያልና። ነገር ግን መሣሪያው ከሕጉ ቃል በፍጥነት እየተለወጠ ፍርድ ቤቶችን አስቸገረ። ሦስት ጉዳዮችን ብቻ ላንሣ።

የመጀመሪያው የአላስካው ነው። በጥቅምት 2002 አንድ ፒክአፕ መኪና የመንገዱን መካከለኛ መስመር አልፎ ከሌላ መኪና ጋር ተጋጨና ባልና ሚስት ሞቱ። ዐቃቤ ሕግ አሽከርካሪው በዳሽቦርዱ ላይ በገጠመው ማጫወቻ ፊልም ይመለከት ነበር ሲል በግድያ ከሰሰው፤ ተከሳሹ ፊልም አላየሁም ብሎ ተከራከረ። በ2004 የዳኞች ጉባኤ በነፃ አሰናበተው። በዚያን ጊዜ በአላስካ ይህን ድርጊት በስሙ ጠርቶ የሚከለክል ሕግ አልነበረም፤ በአሽከርካሪው ፊት የምስል ማሳያን የሚከለክለው ሕግ የወጣው ከአደጋው በኋላ ነው። ሁለተኛው በ2014 በካሊፎርኒያ የተሰጠ ውሳኔ ነው። በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ስልኩን ይዞ ካርታ ሲመለከት የተቀጣ ሰው ይግባኝ ብሎ ቅጣቱ ተሰረዘለት፤ ሕጉ መነጋገርን እንጂ ካርታ ማየትን አይልምና። ሦስተኛው በ2019 በእንግሊዝ ታየ። እየነዳ በስልኩ የአደጋ ቦታ የቀረጸ ሰው፣ ሕጉ «መገናኛ» የሚለው ቀረጻን አያካትትም ተብሎ ነፃ ወጣ። ሕጉ የተሻሻለው በመጋቢት 2022 ነው። በሦስቱም የምናየው አንድ ነገር ነው፤ ሕግ መሣሪያን በስሙ እየጠራ ሲያሳድድ መሣሪያው ስሙን እየቀየረ ያመልጣል።

ይህ በሚሆንበት ጊዜ ስክሪኑ ራሱ እየሰፋ ሄደ። በ2012 የወጣው የቴስላ «ሞዴል ኤስ» 17 ኢንች ስክሪን ይዞ መጣ። በ2013 የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለአምራቾች ባወጣው መመሪያ፣ በመኪና ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም ተግባር አሽከርካሪውን በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰከንድ፣ በጠቅላላው ከዐሥራ ሁለት ሰከንድ በላይ ዓይኑን ከመንገድ እንዳያስነሣ መከረ። መከረ እንጂ አላስገደደም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ሁለት ሰከንድ 55 ሜትር ያህል ነው። በ2021 መጨረሻ ይኸው መሥሪያ ቤት እየተነዱ ጌም እንዲጫወቱባቸው ይፈቅዱ በነበሩ 580,000 ያህል የቴስላ መኪናዎች ላይ ምርመራ ከፈተ፤ ኩባንያው መኪናው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ጌሙን ለመዝጋት ተስማማ። የ1940ዎቹ ሕግ አውጪዎች በውጭ ያስቀሩት መዝናኛ በመረጃው በር ገብቶ ተቀምጦ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ እንድታስቡበት የምሻው የ2018ቱን የቴምፒ ከተማ አደጋ ነው። በአሪዞና በመጋቢት ወር ሌሊት፣ የኡበር ኩባንያ በሙከራ ላይ ያዋለው ራሱን የሚነዳ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገደለ። ተቆጣጣሪ ሆና በመሪው ፊት የተቀመጠችው ሠራተኛ በስልኳ የቴሌቪዥን ትዕይንት ከፍታ ነበር። ብሔራዊው የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2019 ጥፋቱን በእርሷ ላይ ብቻ አልተወውም፤ የኩባንያውን የተጓደለ የደኅንነት አሠራር፣ ደካማ ቁጥጥርና የክፍለ ግዛቱን ቸልታ ጭምር ዘረዘረ። በወንጀል የተከሰሰችው ግን ሠራተኛዋ ብቻ ናት። ሰዓቱን በሙሉ ምንም ሳይሠራ እንዲነቃ የተቀመጠ ሰው እንደሚዘናጋ ግን አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነገር ነበር።

እዚህ ላይ ተገቢ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፦ «መሪውን የያዘው ሰው ነው፤ ዐዋቂ ነው፤ ለምን ሌላውን ትወቅሳለህ?» የአሽከርካሪውን ኃላፊነት አልክድም። ከዓባይ በረሃው ሾፌር ጋር ብነጋገር ጥፋቱን አልደብቅለትም ነበር። ነገር ግን ስክሪኑን ከፊት የሰቀለው፣ ድራማውን የከፈተው፣ በቁልቁለት የሳቀው፣ አይቶም ዝም ያለው እርሱ ብቻ አልነበረም። ትኩረት የአንድ ሰው የግል ጠባይ ብቻ አይደለም፤ በዙሪያው ያለን ሁሉ የምንጠብቀው ወይም የምናፈርሰው የጋራ ነገር ነው። የብሪታንያው ደንብ «ያስነዳ» እና «የፈቀደ» የሚሉትን ሁለት ቃላት የጨመረው በከንቱ አይደለም።

ይህ ታሪክ ዛሬ በቀጥታ ይነካናል። አገራችን በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ በከተማችን የኤሌክትሪክ መኪናው እየበዛ ነው። አብዛኞቹ ሰፊ ስክሪን አላቸው፤ ከእነዚህም መካከል ሜኑው በቻይንኛ የተጻፈ፣ አሽከርካሪው ማቀዝቀዣውን ለማብራት በምልክት የሚገምትበት አለ። በስልክ መተግበሪያ የሚሠራው የታክሲ አሽከርካሪ ደግሞ ስክሪኑን ቢዘጋ እንጀራው ይዘጋል፤ ጥሪውን ለማንሣት የሚሰጠው ጊዜም አጭር ነው። የትራፊክ ደንባችን እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ መነጋገርን ይከለክላል፤ ይህ መልካም ነው። ሆኖም ሌሎች ለሃያ ዓመት የሄዱበትን መንገድ፣ እጅን እያዩ አእምሮን የመርሳቱን መንገድ፣ እንደገና ከመጀመሪያው መሄድ የለብንም።

በአውሮፓ የአዳዲስ መኪናዎችን ደኅንነት የሚመዝነው ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ ከፍተኛውን ደረጃ ለሚሹ አምራቾች ፍሬቻ፣ ጡሩምባ፣ የዝናብ መጥረጊያና የመሳሰሉት በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ እንዲኖራቸው መጠየቅ ጀምሯል። ይህ የቢዊክ ደንበኞች በ1980ዎቹ ያሉትን ዘግይቶ መስማት ነው። እኛም ከአስመጪው፣ ከመተግበሪያው ባለቤትና ከአውቶቡሱ ባለንብረት ምን ልንጠይቅ እንደሚገባ ከአሁኑ ማሰብ እንችላለን፤ መኪናዎቹ ገና እየገቡ ነውና።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ ለእናንተ አንድ የቤት ሥራ ብቻ እተዋለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ በሚኒባስ ስትሳፈሩ ሾፌሩ ስልኩን ሲያነሣ ካያችሁ፣ እኔ ያን ዕለት እንዳደረግሁት ዝም አትበሉ። «ወንድሜ፣ እባክህ ስንቆም ታየዋለህ» ማለት ደፋርነት አይደለም።