ሰባራ ድልድይ

ከሞጣና ከጉንደ ወይን አገር ቁልቁል ዓባይ በረሃ የወረደ ሰው ሰባራ ድልድይን ያገኘዋል። ጎጃምንና በጌምድርን እንዲያገናኝ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራ ነው። በጣልያን ወረራ (1928–1933 ዓ.ም.) አርበኞች ጠላት እንዳይሻገር መካከሉን ሰበሩት። ደግ አደረጉ። ጠላት ከወጣ በኋላስ? ስድሳ ዓመት ግድም ስለ አርበኞቹ ስንፎክር፣ ገበያተኛው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ወዲያና ወዲህ በቆሙ ጎልማሶች እየተጎተተ ይሻገር ነበር። በጀልባ ዓባይን ለሚወርድ ፈረንጅ ይህ ጀብዱ ነው፤ ላገሬው ግን የገበያ መንገዱ! የገመዱን ፎቶግራፍ በመጽሔት ያየ አንድ አሜሪካዊ መጥቶ በ1994 ዓ.ም. ስባሪውን በብረት አስቀጠለው። ያንንም ጎርፍ ወሰደው፤ በ2001 ዓ.ም. ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ።